ከእሳተ ገሞራው ደጃፍ ለመለሰን የመክፈቻ ንግግር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አምባቸው ስንታየሁ
የ«ወዳጅነት» መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበርና የጉዞ ኮሚቴው ሰብሳቢ
ብሩክሄቨን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ በተለይ ጉሮሮዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ ሐረገወይን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እኔ እዚሁ አትላንታ ዳርቻ፣ ኮንየርስ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ ውዬ ማታ ዲኬተር እገባለሁ፤ እሷ ደግሞ ቤት ትጠብቀኛለች። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ እንዳይመስልዎት። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከሥራ የምመለሰው ደክሞኝ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን በዕድራችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ያወጡት ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ጣሊያን ያደረግነው ጉዞ በታላቅ ድምቀት መጠናቀቁን፣ አባላትም በአንድ ቀን የፖምፔይን ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ የቬሱቪየስን እሳተ ገሞራና የአካባቢውን የወይን እርሻ በሚገባ መጎብኘታቸውን ገልጸው፣ በመጪው ጥቅምት ጉዞው «በሕዝብ ጥያቄ» እንደሚደገም አብስረውናል። እኔም በዚያ ጉዞ ላይ ነበርኩ። ፍርስራሹን በከፊል፣ ወይኑን በሙሉ፣ እሳተ ገሞራውን ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ሆኜ አይቻለሁ። ምናልባት እርስዎ ከእኔ ተለይተው የወጡበት ቀን ካለ ይንገሩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዝርዝሩን ከማቅረቤ በፊት ስለ ባለቤቴ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ እኛ ሕመም የማንናገር ሰዎች በመሆናችን እርስዎም አያውቁት ይሆናል። ሐረገወይን ደሴ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። እሳተ ገሞራ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትስል ኖራለች፤ ቀይ ጠመኔ ሲጠፋ በጡብ ስባሪ እያቀለመች። በዓይኗ ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ዲቪ ደርሶን ከመጣን በኋላ እዚህ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስትሠራ ዓይኗን ግላኮማ ያዛት። ዛሬ ዓለምን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ቀዳዳዋም እየጠበበች ነው። ሐኪሟ ባለፈው ዓመት፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ሳትውል ሳታድር እንድታየው መከሯት። ልጃችን ሚካኤላ ይህን ካስተረጎመች በኋላ ምን ማየት እንደምትፈልግ ብትጠይቃት፣ ሐረገወይን ዓይኗን ሳታሽ «እሳተ ገሞራ» አለች። ሚካኤላም «እማዬ፣ ሲሪየስሊ? የልጅ ልጅ ምናምን አትዪም?» ብላ ሳቀች፤ ወደ መኪናው ስንሄድ ግን አለቀሰች።

የእርስዎ ጉዞ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ ሐረገወይን በየቅዳሜው እጄን ይዛ ስቶን ማውንቴን የሚባለውን የድንጋይ ተራራ ትወጣ ጀመር፣ ለልምምድ መሆኑ ነው። እኔ አናቱ ላይ ደርሼ ስተነፍስ እሷ ድንጋዩን እየዳበሰች፣ ይህ አለት ከመሬት በላይ መውጫ አጥቶ ከውስጥ የቀዘቀዘ እሳት መሆኑን ታስተምረኛለች። እኔ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ነኝ፤ እሷ ግን ለአንድ ተማሪም ቢሆን ትምህርት አታጓድልም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. በፖምፔይ መግቢያ ላይ ስላደረጉልን የመክፈቻ ንግግር አመሰግናለሁ። አስጎብኚያችን ሮዛሪያ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ «እንግባ» ስትል፣ እርስዎ አንድ ጥንታዊ ድንጋይ ላይ ወጥተው የክብር እንግዶችን አስተዋወቁን፤ እነዚህም እንግዶች ከእኛው ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ፣ በአንድ ሆቴል ያደሩ፣ ጠዋት ከእኛው ጋር ቁርስ የበሉ ነበሩ። ቀጥለው ለጉዞው መሳካት ድጋፍ ያደረጉትን የታክስ ቢሮ፣ የመኪና ቦዲ ሾፕና የሥጋ ቤት ባለቤቶች በስም እየጠሩ አመሰገኑ፣ እኛም እዚያ ለሌሉት ለእያንዳንዳቸው አጨበጨብን። በመጨረሻም፣ የዕድራችን አባል ባይሆኑም በአመድ ተቀብረው ለቀሩት የከተማዋ ነዋሪዎች የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ ጠየቁን። ይህንን አልነቅፍም። እዚያ በር ላይ በየቀኑ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ያልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሆኖም ጸሎቱ በራሱ በቂ ሆኖ ሳለ፣ የጸሎቱን አስፈላጊነት የሚያብራራ ሌላ ንግግር ስለጨመሩልን ልዩ ምስጋና ይገባዎታል።

፪ኛ. ሮዛሪያ በጥንቱ ቲያትር ቤት ውስጥ አንድ ስሕተት ሠራች። መድረኩ ላይ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ድምፁ እስከ ላይኛው መቀመጫ እንደሚሰማ ነገረችን። ምስኪን፣ በማን ፊት እንደምትናገር አላወቀችም። እርስዎ ወደ መድረኩ ሲወርዱ ባየሁ ጊዜ ሐረገወይንን ጥላ ፈልጌ አስቀመጥኳት። እርስዎ ሲጨርሱ ምክትልዎ አቶ እንድርያስ፣ እሳቸው ሲጨርሱ ሒሳብ ሹሟ ወይዘሮ መነን፣ እሳቸው ሲጨርሱ ደግሞ እርስዎ የሁለቱን ንግግር ለማጠቃለል እንደገና ወረዱ። ዳቦ ቤቱንም፣ መታጠቢያ ቤቱንም፣ በአመድ ውስጥ ቅርጻቸው የቀረውን ሰዎችም ሳናይ ሰዓቱ አለቀ። እኛም አጨበጨብን። በእኛ ወግ ታላቅ ሰው ሲናገር ይብቃህ አይባልም፣ ይጨበጨባል፤ ጭብጨባውም ሲበረታ «ይበቃል» ማለት እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም ብዬ አምን ነበር። እርስዎ ግን ባጨበጨብን ቁጥር እየበረቱ ሄዱ።

በዚያ መሐል ሮዛሪያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ እርስዎ ቄስ መሆንዎን ጠየቀችኝ። አይደሉም አልኳት። ፖለቲከኛ ናቸው ወይ አለች። አይደሉም አልኳት። የዕድር ሊቀ መንበር መሆንዎን፣ ዕድርም ሙታኑን የሚቀብር ማኅበር መሆኑን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሳስረዳት ጥቂት አሰበችና፣ «አሃ፣ የለመደው የማይቸኩል አድማጭ ነው» አለችኝ። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ደብቄዎት የኖርኩ ይመስለኛል ብዬ ነው።

፫ኛ. ወደ ቬሱቪየስ የምንገባው በተቆረጠልን ሰዓት ብቻ እንደሆነ ሮዛሪያ ከጠዋት ጀምራ ነግራን ነበር። ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሰን በሩ ላይ ስንደርስ ሰዓታችን አልፏል፣ የቀሪው ቀን ቦታም ተይዟል። እርስዎ በሮዛሪያ በኩል «ከአትላንታ የመጣን ልዑካን ነን» ብለው ስላስነገሩልን አመሰግናለሁ፤ በረኛው በትሕትና አዳምጦዎት በትሕትና በሩን ዘግቷል። ያን ጊዜ ሐረገወይን ሚካኤላ የገዛችላትን የተራራ ጫማ አጥብቃ አስራ አጥሩን ይዛ ቆማለች። ወደ ላይ ምን እንደሚታይ ጠየቀችኝ። ግራጫ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ የሚጠማዘዝ መንገድ፣ በመንገዱ ላይ የሚወጡ ሰዎች አልኳት። «አፉስ?» አለችኝ። ከዚህ ሆኖ እንደማይታይ ነገርኳት። ከበሩ እስከ አፋፉ ያለው መንገድ ከስቶን ማውንቴን ይልቅ አጭር ነው አሉ።

እርስዎም መጥተው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞሽ እቴ፣ ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ» አሏት። እሷም አንገቷን ሰብራ «እሱስ ልክ ነው ጋሼ» ብላ መለሰችልዎት። ልክ ነው፣ ተራራው የትም አይሄድም። እየሄደ ያለው ዓይኗ ነው። ክቡርነትዎ ይህን እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ ቢያውቁ ኖሮ እንደዚያ እንደማይሉም አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ሰዓት እጅግ ጠልቼዎት ነበር። ጥላቻው ናፖሊ ሆቴላችን እስክንገባ ድረስ አብሮኝ ቆይቶ፣ ከዚያ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ደከመኝና ተውኩት።

፬ኛ. ወይኑ ጥሩ ነበር። ሦስት ተናጋሪዎች ብርጭቆ እንዳነሳን ስላቆዩን ሞቅ ብሎ ነው የደረሰን እንጂ ጥሩ ነበር።

፭ኛ. ይህኛው እውነተኛ ምስጋና ነው። እርስዎ ወይን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለው ቦታ ሲያብራሩ፣ እኔና ሐረገወይን ሾልከን ወደ ወይኑ እርሻ ወጣን። እርሻው ያለው በተራራው እግር ላይ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ነው። ተንበረከከችና አንድ እፍኝ አፍሳ በጣቶቿ መካከል አሸችው። ጠጠሩ ቀላል መሆኑን፣ በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች አየር የነበረባቸው መሆናቸውን፣ ይህም ሁሉ አንድ ቀን ከላይ ከሰማይ የዘነበ መሆኑን አስተማረችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላንቀላፋ ተማርኩ። ንግግርዎ ባይረዝም ኖሮ ያንን ጊዜ አናገኝም ነበርና፣ የሚገባዎትን አልነፍግዎትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማስታወቂያዎ በወጣ ዕለት ሐረገወይን ለጥቅምቱ ጉዞ ተመዘገበች። ሚካኤላ «ለብቻችን ልውሰድሽ፣ ቡክ አደርጋለሁ፣ ኢዚ ነው» ብትላት እምቢ አለች። ጎረቤቷን ትታ ለብቻዋ ተራራ የምትወጣ ሴት አይደለችም፤ እኔ ሲደክመኝ እጇን ይዘው የሚመሯትም የዕድራችን ሴቶች ናቸው። ሐኪሟን ስለ ጥቅምት ስንጠይቃቸው ጥቂት ብርሃን ሊቀርላት እንደሚችል፣ ለከርሞ ግን ቃል እንደማይገቡ ነገሩን። እንግዲህ ያቺ የቁልፍ ቀዳዳ ሳትዘጋ ሐረገወይንን የተራራው አፍ ላይ ማድረስ የሚቻለው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በእርስዎ እጅ ነው።

የምለምንዎት ከባድ ነገር ነው፤ ክብደቱንም አውቀዋለሁ። ሐረገወይን ወጥታ እስክትወርድ ድረስ ምንም እንዳይናገሩ ነው። የክብር እንግዶቹን እዚሁ ብሩክሄቨን አዳራሻችን ውስጥ ያስተዋውቁልን፣ ድጋፍ ሰጪዎቹን በአካል ባሉበት ያመስግኑልን። ከተራራው ከወረድን በኋላ ደግሞ ወይን ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እስኪመሽ ቢናገሩ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ሳጨበጭብም ጭብጨባዬ የእውነት ይሆናል።

እንደማይችሉ አድርገው የሚያሙዎት አባላት አሉ። እኔ ግን አላምናቸውም። ወንድሜ ስምዖን ያረፈ ጊዜ ከሁሉ ቀድመው ቤቴ የደረሱት እርስዎ ነበሩ። ወንበሮቹን ከመኪና ያወረዱት፣ ድንኳኑን የተከሉት እርስዎ ነዎት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። ለቀስተኛው ሁሉ ሊያጽናናኝ ሲናገር፣ እርስዎ ሐዘኑ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣዎትም፤ ዝም ብለው ትከሻዬን ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያጽናናኝ ያ ዝምታዎ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት እንደሚያውቁበት ምስክሩ እኔ ነኝ። ያንን ለባለቤቴ አንድ ጠዋት ያውሱልኝ።

የዕድራችንን ወንበር በጥበብ፣ መድረኩንም ያለ ዕረፍት ይዘው ለኖሩት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ንግግር እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ዝቅ ብዬ፣ ከጭብጨባው ሳልጎድል የምኖር፣

አክባሪዎና የዘወትር አድማጭዎ
ወንድሙ አክሊሉ
ዲኬተር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ረዝሞብዎት ከሆነ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይሁን እንጂ እርስዎ ያነበቡት ተቀምጠው፣ ጥላ ሥር ሆነው ነው፤ እያነበቡ ሳለም የተዘጋብዎት በር የለም።