ስለ እናትህ ሳቅና ስለ ስድስተኛው ሙዚቃ

ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ ሙሉ፣ ቤትህ ሰላም፣ ጣቶችህም እንደ ልማዳቸው የማይደክሙ ሆነው ያግኝህ። ባለቤትህስ እንዴት ናት? ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ተዋት ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ትቆጣለች? ትንሿስ? ጥርስ አወጣች ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ማንን ነው የምትነክሰው? አንተስ እህል በሰዓቱ ትቀምሳለህ? ድምፅህ በስልክ ሲመጣ ቀጥኖ ይሰማኛል፤ ስልኩ ነው የቀጠነው ወይስ አንተ፣ እሱን ለይተህ ጻፍልኝ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚንቋቋብኝ በቀር ምስጋና ለፈጣሪ ይድረሰውና ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት፤ ከመድኃኒት ቤቱ ስትመለስ ልብስ መተኮሻ ሱቃችን ድረስ እየመጣች አብረን ዘግተን እንገባለን።

ባለፈው ደውዬልህ ከሰላምታ ሳላልፍ መዝጋቴ ሳይገርምህ አልቀረም። ልነግርህ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። አልበምህን ሰምቼዋለሁ፤ የጠየቅኸኝንም አልረሳሁም። ግን መልሱን ከመስጠቴ በፊት እንዴት አድርጌ እንደሰማሁት ማወቅ አለብህ፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አለቀቀኝምና።

በመልእክትህ ላይ፣ ስድስተኛው ላይ እማዬ አለችበት፣ ስማውና ይሁን ወይም አይሁን በለኝ፣ አንተ እሺ ካላልክ ለሰው አላወጣውም ብለህ ነበር። እኔ ሞኙ ይህን ሳነብ የገባኝ ምን መሰለህ? ሰው ጥሩ ነገር ሲሠራ የእናቴ ምርቃት አለበት እንደሚለው፣ አንተም እሷን እያሰብክ የደረስከው ዜማ መሰለኝ። «አለችበት» ማለት ናፍቆቷ አለበት ማለት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ እንዲያውም ለክሩ፣ ልጄ ለእናቱ ሙዚቃ አወጣላት ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት። ክሩን መቼም አትረሳውም፤ ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ፣ ከሚሰፋበት ክር እሱ ይቀጥናል ተብሎ ስም የወጣለት። «እንግዲያው ለብቻህ አትሰማትም» አለና የጀመረውን ቀሚስ ማሽኑ ላይ ጥሎ መጣ። እህትህ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ፣ የቱን እንደምነካ አሳይታኝ ሄዳ ነበር። በር ዘግቼ ለብቻዬ የምሰማ መስሏት ነው።

ለስላሳ ጃዝ ነው፣ ፈንክ የሚባል ምት ገብቶበታል ብለህ የጻፍክልኝን ለክሩ እንዳለ ነገርኩት። «ለስላሳ እኔ የማውቀው በጠርሙስ የሚመጣውን ነው» አለኝ። ፈንክስ ምንድን ነው ሲለኝ እኔም ስለማላውቅ፣ ስትሰማው ትደርስበታለህ ብዬ በድፍረት መለስኩለት።

የመጀመሪያው ሲጀምር ኪቦርድህ ብቻውን ነበር፤ ጠዋት መስታወት እንደሚወለውል ሰው በቀስታ። ይህስ ደግ ነው አልኩ። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ቤዝ ጊታር ገባ። ልጄ፣ ያ ቤዝ በጆሮ አይደለም የሚመጣው፣ በጉልበት ነው። ጊታሩ ደግሞ ቸክ ቸክ እያለ ይቆርጣል፤ ክሩ «ይሄማ የኔ መቀስ ነው፣ ሰረቁኝ» አለ። ከበሮው ይመጣል ብለህ ስትጠብቀው ትንሽ ይዘገያል፤ ደረጃ ያለ መስሎህ እግርህን ስትሰድ ሜዳ እንደሚቀበልህ ዓይነት። በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ያንተ ጣት አይቸኩልም፤ እንግዳ በበዛበት ቤት ቁጭ ብሎ እንደሚጫወት የቤት አባወራ ነው።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በገዛ እግሬ ነው። የእንፋሎት መተኮሻውን ፔዳል ታውቀዋለህ፤ ሲረግጡት ፉሽ ብሎ እንፋሎት ይተፋል። ሱሪ አስተኝቼ ስሠራ ክሩ መሳቅ ጀመረ። ምን ያስቅሃል ስለው «እግርህን እየው» አለኝ። ባየው ከከበሮው እኩል ይረግጣል። ፉሽ ፉሽ እያለ ሱቁ ጉም መስሏል፤ ሱሪው ቅጠል ሆኖ ሊቀር ምንም አልቀረው። ማለዳ ጸሎቴን አድርሼ የወጣሁ ሽማግሌ፣ እግሬን ሳያስፈቅደኝ ሲጨፍር ያዝኩት። «በል ፈንክ ማለት ይሄ ነው» አለኝ ክሩ፣ «ደረስክበት»።

እኔ ዜማ ሁለት ዓይነት ነው ብዬ ነው ያደግሁት፤ መዝሙር አለ፣ ዘፈን አለ። የሚለያቸውም ቃሉ ነው። ያንተ ቃል የለውም፤ ከየትኛው ወገን እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ክሩን ብጠይቀው «ቃል ካልተነፈሰ በምን ይከሰሳል?» አለኝ። ክሩ ቧልተኛ ነው፤ ነገሩ ግን ልቤ ውስጥ ገባ።

ስድስተኛው ሲደርስ ዝም በል አልኩት፤ የእናቱ ነው፣ በወጉ እንስማው አልኩት። ከፔዳሉ ራቅሁና በእጅ ካውያ የሰው ነጭ ሸሚዝ ያዝኩ። በዚሁ መሐል አንዲት አስተማሪ ገባች። ወደ ሰፈሩ በቅርቡ የመጣች ናት፤ ካፖርቷን ልትወስድ ነው። አንዴ ታገሺኝ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ እሷም ቆማ ትሰማ ጀመር። ኪቦርድህ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደና ሁሉም ተወ፤ ከበሮው ብቻ ቀረ። ከዚያ እናትህ ጠራችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እንጂ፣ ልጅህን አናግረው» አለች።

ወዬ አልኳት።

ልጄ፣ ይህን ለወሬ ማሳመሪያ አልጻፍኩልህም። አፌ ነው የመለሰው፤ ልቤ ገና አልደረሰም ነበር። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትቼው ከሱቁ ኋላ ወዳለው ጓዳ ሄድኩ፤ ሁልጊዜ የምትጠራኝ ከመጋረጃው ኋላ ነበርና። መጋረጃውን ገለጥኩ። የሰው ካፖርቶች ተሰቅለዋል። እንደቆምኩ ከበስተኋላዬ፣ ከድምፅ ማጉያው ንግግሯን ቀጠለች፤ አሁን በስልክ ላንተ ነው። «አይመጣም፣ ተወው። አባትህ ተኳሽ ነው፤ እስካሁን የገደለው ግን ቁልፍ ብቻ ነው። አንተም እዚያ ቁልፍ ስትመታ ትውላለህ። ዘር ከልጓም ይስባል» አለችህ። ከዚያ ሳቀች። ያ ከሆዷ የሚነሳው፣ መጨረሻው እንደ ማስነጠስ ቁርጥ የሚለው ሳቋ። ሳቋ ሳያልቅ ቤዙም ጊታሩም አንተም ተመልሳችሁ ገባችሁ።

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ክሩ ዘሎ ካውያውን አነሳው። እሱም ደንግጦ መሆን አለበት፤ ሲደነግጥ አፉ አያርፍም፤ «ይኸው ከቁልፍ አልፈህ ሸሚዝ ገደልክ» አለኝና ፊቴን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ። አስተማሪዋ ግን ምን ታውቃለች፤ ትስቃለች። ዓይኗን እየጠረገች «ማናት? ምን ያለች ጨዋታ አዋቂ ናት» አለችኝ። ባለቤቴ ናት አልኳት። ነበረች አላልኩም። «ታድለዋል» አለችኝ፤ «ዛሬ የለችም እንዴ?» አልመጣችም አልኳት። ካፖርቷን ሰጥቼ እስከ በሩ ሸኘኋት። ክሩ ሸሚዙን ይዞ ሄዶ የተቃጠለውን ጀርባ በሌላ ጨርቅ ሲቀይር ዋለ።

ሱቅ ስንዘጋ እህትህ ነገሩን ከፊቴ አነበበችው። «አባዬ፣ አለችበት ሲልህ ምን መሰለህ ታዲያ?» ብላ በሩ ላይ ቁጭ አለች። እናትህ በስልክ ስታወራህ የቀዳኸውን ድምፅ ከላክህላት ጀምሮ፣ እህትህ በጆሮ ማዳመጫ አውቶቡስ ላይ ስትሰማው ኖራለች። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብላት፣ የምታውቀው መስሎኝ ነው አለችኝ። እሷ ለሰው ይውጣ ባይ ናት። «ስለ እማዬ ባነሳሁ ቁጥር ሰው ፊቱን ያጠቁርልኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲስቅላት ልስማ» አለችኝ። ክሩም በማግስቱ «የሞተ ሰው ፎቶው ይሰቀል የለ? ድምፁ ቢሰቀል ምን አለበት?» ብሎኛል።

ድንጋጤዬ ግን የሞተች ሴት ስለተናገረች ብቻ አይደለም። አፌ አወቃት እንጂ እኔ ረስቻት ነበር። ከሄደች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ ሳነሳት የምትመጣልኝ ሴት ትራስ ላይ ያለች፣ በዝግታ የምታወራ፣ ውሃ ለማለት እንኳ አቅም ያነሳት ናት። ከእሷ በፊት የነበረችውን፣ ስትጣራ መንገድ ማዶ የምትሰማውን፣ እኔን ሰው ፊት መሳቂያ አድርጋ ስታበቃ የሹራቤን ቁልፍ ጎንበስ ብላ የምትቆልፍልኝን የት እንደጣልኳት አላውቅም። ሐዘን እንደ ካውያ ነው ልጄ። ደጋግሜ ሄድኩባትና አንድ እጥፋት ሳላስቀር ለጥ አደረግኳት፤ ቅድስት አድርጌ አስቀመጥኳት። ቅድስት ደግሞ ባሏን ተኳሽ ብላ አትተርብም።

በማግስቱ ማለዳ ለጸሎት ቆምኩ። ነፍሷን አሳርፍ ልል ስሟን ሳነሳ ሳቅ አመለጠኝ። በፈጣሪ ፊት ቆሜ ሳቅሁ። ደንግጬ ይቅርታ ለምኜ እንደገና ብጀምር ያው ሆነ። ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ዞረ። የቱ ጸሎት እንደሆነ እሱ ይወቀው፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስጸልይላት የማውቃትን ሴት ነው የማነሳው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አይሁን ልልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ መጥፎ እንዳይመስልህ ምክንያቱን ልንገርህ። ክሩ ፎቶ ያለው ትክክል አይደለም። እናትህ ፎቶ ስትነሳ ታውቃለች፤ ሻሿን ታስተካክላለች፣ አፏን ትሰበስባለች። ያን ቀን ግን ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ እጇ በሳሙና ርሶ፣ ለልጇ ነው ያወራችው። ፀጉር ቤቱም፣ አውቶቡሱም፣ ሰው ወረፋ የሚጠብቅበት ሁሉ ቢሰማት ምን ትል እንደነበር ልጠይቃት አልችልም። ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ስጽፈው አፍራለሁ። አስተማሪዋ የሳቀች ጊዜ ደስ አላለኝም። የኔ ነው፣ ማን ሳቂ አለሽ ልላት ቃጣኝ። ለሟች ክብር መጨነቄ ነው ብዬ ራሴን ላሞኝ ሞክሬ ነበር፤ አይደለም፣ ስስት ነው። በሕይወት ሳለች ሳቋን ለሰፈሩ ስትበትን ከልክያት አላውቅም፤ አሁን ልቆልፍባት ነው?

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ቃሏን ከውስጡ ቁረጠው። የጠራችኝ የኔ ነው፣ የተረበችን ያንተና የኔ ነው፤ እሱ ቤት ይቅር። ሙዚቃህ ቃል የለውም፤ እሷም ቃል አይኑራት። የተናገረችበትን ቦታ ግን በኪቦርድ እንዳትሞላው፤ ከበሮው ብቻውን ይሂድ፣ ርዝመቱ አይጉደል። ከዚያ ሳቋ ይምጣ፤ ከሆዷ እንደተነሳ፣ መጨረሻው ሳይታረም። የሚሰማው ሰው፣ ይህቺን ሴት ምን አስቋት ይሆን እያለ ይሂድ። እኛ እናውቃለን።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ከባድ ነገር አታንሺ ብሏል በላት። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ ብትነክስህም ሳማት። አማትህን፣ እግራቸውን እንዳይበርዳቸው አደራ ብሏል በልልኝ። ቤዝ የሚጫወተውን ልጅ ሳላውቀው ወድጄዋለሁ፤ ሽማግሌ አዋረድክ በለው። እህትህ በዚህ ውሳኔ ግማሽ አኩርፋ፣ ግማሽ ተደስታ ትስምሃለች። ክሩም ሰላም ብሎሃል፤ የመቀሱን ነገር በሽማግሌ እንጨርሰዋለን ብሏል።

ጤና ሁን ልጄ። ጣትህን አይንካብኝ።

የሚወድህ አባትህ

ከሱቃችን፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ፤
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።