የሰይድ ፒኞን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዳገቱን ዛሬም ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ። ተማሪዎቼ እየሳቁ አለፉኝ። ኮርቻው ኋላ ያሰርኩት የደብተር ክምር ድንጋይ ነው። ጉልበቴ አለቀ። ብስክሌት እያለው በእግሩ የሚሄድ መምህር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጥፋቱ የሰይድ ነው፤ የታናሽ ወንድሜ። ብስክሌቱ የሱ ነበር፣ የእሽቅድምድም። ፒኞኑን፣ የኋላው ጎማ ላይ የተደራረቡትን ጥርሳም ክቦች፣ ለራሱ እግር ነው የገጠማቸው። ትልቁ ባለ 23 ጥርስ። ለሜዳ ይሆናል። ለመካነ ሰላም ዳገት፣ ያውም ጭነት ይዞ፣ የሰይድን እግር ይጠይቃል።

ከደሴ ያስመጣሁት ባለ 34 ጥርስ ፒኞን አልጋ ሥር አለ። አልገጠምኩትም። ምክንያቱን ታውቃለህ ደብተሬ፣ ግን ሲከፋኝ መደጋገም እወዳለሁ። ሰይድ ወደ ሳዑዲ ሲነሳ ብስክሌቱን ለኔ ተወልኝ። ማርሹን እንዳትነካ፣ የአሮጊት ታደርገዋለህ አለኝ። እኔም “አንተ ቆመህ አልነካም!” ብዬ ፎከርኩ። እማዬ በሳቅ ፈረሰች።

የሰይድ ድምፅ ከጠፋ ከረመ። እማዬ ግን የብስክሌቱን ጠርር የሚል ድምፅ ስትሰማ አሁንም እሱ የመጣ ይመስል ቀና ትላለች። እኔ መሆኔን እያወቀች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ፈተና እያረምኩ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። የፊቱ 39፣ የኋላው 23። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ከአንዴ ተኩል በላይ ይዞራል። በ34 ግን አንዴ ከትንሽ። ዳገት ላይ ልዩነቱ የመሬትና የሰማይ ነው። ትንሹ ክብ ባለበት ስለሚቆይ ለሜዳውም አያንስም። ሰይድ ሲመለስ በአቀስታ አድርገን እስከ መቅደላ ሥር በብስክሌት ልንሄድ ነበር። እሱ በ23፣ እኔ በ34። ቀድሞኝ ደርሶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያኔም ይስቅብኛል።

ይምጣ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ከማል መጣ። ከሰይድ ጋር አብሮ የወጣው የጎረቤታችን ልጅ። ከስቷል፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም። መስጊዱ አጥር ጥግ ወስዶ አስቀመጠኝ። አብሽር፣ በርታ ሲለኝ ገባኝ።

ሰይድ በረሃ ላይ ታመመ አለ። የመን ውስጥ። ተሸክመነው ሄድን አለ። በእጄ ቀበርኩት አለ። ምን ጫማ አድርጎ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ከማልም አላስታወሰም፤ ይቅርታ ጠየቀኝ።

የቅሬው፣ የእድራችን ሽማግሌዎች መከሩ። መርዶው ለእማዬ ዓርብ ንጋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይነገራታል፣ ዘመድም እስከዚያ ከወረኢሉ ይደርሳል አሉ። እስከዚያ ዝም በል ተባልኩ። ዝም እላለሁ። ፊቴንስ የት ላድርገው? ማታ እማዬ ስለ ሽንኩርት መወደድ ስታወራኝ አብሬ ተገረምኩ። ጉድ ነው አልኩ። ወንድሜ ሞቶ ስለ ሽንኩርት ጉድ ነው አልኩ!

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከሰዓት

እማዬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ባለ 34ቱን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ከእንግዲህ ማን ይከለክለኛል?

የድሮው ፒኞን ማሰሪያ አልላላ አለ። ያጠበቀው ሰይድ ነው። በመፍቻው ላይ ተንጠለጠልኩ። እንቢ። ተሳደብኩ፣ እሱን እየጠራሁ ተሳደብኩ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በመጨረሻ ላላ።

አዲሱ ገባ። ካቴናው ግን አጠረ፤ የተቆረጠው ለ23 ነዋ። ወደ ትልቁ ክብ ሳሳልፈው ተወጥሮ ማርሽ መቀየሪያውን ሊገነጥለው ነበር። የካቴና ቁራጭ ቀጠልኩበት። እግረ መንገዴን ጠርር የሚለውን የጎማውን እምብርት ከፍቼ ግሪስ ሞላሁት፤ ደርቆ ነበር። የድሮውን ፒኞን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁ። የሰይድ ጥቁር ግሪስ አለበት። አልጠረግሁትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ጠዋት፣ ት/ቤት

ዳገቱን ከብስክሌቱ ሳልወርድ ወጣሁ። ቀስ እያልኩ፣ ተቀምጬ፣ ደብተሩን እንደጫንኩ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ። የአሮጊት ማርሽ የሚለኝ የለም።

ሰኞ፤ ማታ

ጽሕፈቴን ቻለው ደብተሬ።

ስገባ እማዬ ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅማለች። አልሰማችኝም። አጠገቧ ስደርስ ደነገጠች። ምነው ድምፅህ ጠፋ አለች፤ እኔን ሳይሆን ብስክሌቱን እያየች። ተነሳች። የኋላውን ጎማ በጣቷ ነካች። ትልቁን ክብ ዳበሰችው።

“ቀየርከው?”

ተበላሽቶ ነው ማለት ነበረብኝ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። እጀታውን እንደያዝኩ አቀረቀርኩ።

“እሱ ቆሞ አልነካም ብለህ ነበር እኮ፣ ይማሜ።”

ያኔ የሳቀችበትን ቃል ይዛዋለች። እኔ ማንም የማያስታውሰው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ የለ፣ ሱብሒ የለ፣ መርዶውን በመፍቻ ነገርኳት። አልጮኸችም። የቀበረው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ከማል ቀበረው አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። ምስሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነው ድምጿ የወጣው፤ መንደሩ ሁሉ ሰማት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ለቅሶው በረድ አለ። የወረኢሉ ዘመዶች ተመለሱ። ከነገ ጀምሮ ሥራ እገባለሁ።

የድሮውን ፒኞን አውጥቼ ለእማዬ ሰጠኋት። ልመልሰው አልኳት። ማርሹንም፣ ድምፁንም እንደነበረ ላድርገው፣ ዳገቱን እየገፋሁ እወጣለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ተወው አለች። የአንተ ጉልበት ደግሞ ለኔ ያስፈልገኛል አለች።

ስለዚህ ባለ 34ቱ ይቆያል። የሰይድን ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ማምሻውን ብስክሌቱን ልሞክር ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ሆን ብዬ የግቢውን በር አንኳኳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እንዳትደነግጥ። ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቀና አላለችም።