ድምፅህ ሆግስባክ ደርሷል

ወንድሜ ፍሎሪስ፣

ሬዲዮህን ለማንም እንዳትሰጥ! ትናንት ከክራዶክ ኮረብታ ላይ ስትጣራ ሰምቼሃለሁ።

እዚህ ሆግስባክ ተራራ ላይ ጉምና ካፊያ ነው፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል። ክራዶክ እኛ ጋ አቧራ እንጂ ዝናብ የለም፤ የሬዲዮውን ሣጥን ከፍተን ነው የምንሠራው። እዚህ ግን ካፊያው እንዳይገባ ክዳኑን ብገጥምበት መሣሪያው ደነቆረ። የሬዲዮው ሰሌዳ ላይ የቆረጥኳት የመዳብ መስመር ሞገዱን የምትወስደው ከላይዋ ባለው አየርም ጭምር አይደል? ክዳኑ ሲጠጋት ታፈነች። ክዳኑን ነቅዬ የሟች ባለቤቴን ጃንጥላ ዘርግቼበት ቆምኩ። በመኪናዋ ያመጣችኝ ኖምቩዮ፣ "ጋሼ ሳሬል፣ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰሉ እኮ! ይስጡኝ ልያዝልዎ" አለችኝ።

"የራሴን ራሴ እይዛለሁ" አልኳት።

ይሄኔ ድምፅህ መጣ። "ሳሬል፣ ምንም አልሰማም። መስመሯን በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው የቆረጥኳት፣ አበላሽቻታለሁ። ልጄ ቤት ልኖር ስገባ ሣጥኑን ለቆራሌው እሰጠዋለሁ" አልክ።

"አንተ ደረቅ፣ ትሠራለች!" ብዬ ጮህኩ። የኔ ማስተላለፊያ ግን ውሃ ገብቶበት ኖሯል። አንተም ዘግተህ ሄድክ።

በእኛ በሬዲዮ ወዳጆች ደንብ የሰማው ሰው በላከው ካርድ ያልጸና ጥሪ አይቆጠርምና ይኸው በዚህ ካርድ አጽንቼልሃለሁ፤ ቃል ሳይጎድል ሰምቻለሁ። እጅህ ይንቀጥቀጥ እንጂ በደንብ ቆርጧል።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጅህን ኤልናን ሰላም በልልኝ፤ ወደዚህ ተራራ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል ትስጥህ።

ሳሬል