በቁም ሳጥን ስለታሰረችው የመርጫችን ባትሪ

ይድረስ ለክቡር አቶ ገሠሠ፣ የተበላሹ የጋራ ንብረቶች ጥገና አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ደባርቅ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ የጓሮ አትክልት አልሚ ሴቶች ማኅበር አባላት፣ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን፤ ድንቻችንም ደህና ነው። ድንቹ ደህና መሆኑን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ፣ ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። የምጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊ ሐመልማል ነኝ፤ እየሳቅሁ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢወላገድ ይቅር ይበሉኝ።

በቅድሚያ ምስጋና። በባትሪ የሚሠራው፣ በጀርባ የሚታዘለው የመድኃኒት መርጫ በእርዳታ በተሰጠን ጊዜ፣ ኮሚቴዎ «ሳይመረቅ አይነካም» ብሎ፣ የክብር እንግዳ እስኪገኝ ድረስ ሁለት ክረምት ከነካርቶኑ አኑሮልናል። አቧራ እንኳ አልነካውም። ባትሪ ግን ቻርጅ ሳይደረግ ዝም ብሎ ከተቀመጠ እንደሚሞት የነገረን አልነበረም። በምረቃው ዕለት ሪባኑ ተቆረጠ፣ እልል አልን፣ መርጫው አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ክቡር እንግዳው መርጫው የሚሠራው እንዲህ በዝምታ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ እኛም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና አብረን አጨበጨብን። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ኮሚቴዎ «ይህ መርጫ ሊጠገን ይገባዋል ወይስ አይገባውም» የሚለውን ለማጥናት ባትሪዋን ነቅሎ በጽሕፈት ቤትዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎባታል፤ ማንም እንዳይነካትም አዟል። መርጫው ራሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ስላለ እኛው ዘንድ ቀረ። ስለ ቁም ሳጥኑ ጥበት ያለን ምስጋና ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ጥናቱ ጠለቀብን። በመጨረሻው ስብሰባ አንድ የተከበሩ አባል መርጫው ዓመታት ያስቆጠረ አሮጌ ዕቃ ስለሆነ መጠገኑ አያዋጣም አሉ። ሌላው የተከበሩ አባል ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ያልሠራ አዲስ ዕቃ መሆኑን አስረድተው፣ አዲስ ዕቃ እንዴት ተደርጎ ይጠገናል ሲሉ ጠየቁ። እርስዎም ሁለቱም ትክክል ናቸው ብለው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንሁት፤ ያለቀስሁ መስሏቸው ያጽናኑኝን አባል እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፤ የድንች ምች የሚባለው በሽታ ስብሰባ አያውቅም። በሐምሌ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ማሳው ላይ ሲተኛ፣ የድንቹ ቅጠል ዳር ዳሩ መጥቆር ጀመረ። ገብሱ እስኪደርስ የልጆቻችንን ጉሮሮ የሚደፍነው ይኸው ድንች ነው፤ እሱ ከሄደ ክረምቱን ምን እንበላለን? አሮጌው የእጅ መርጫ ደግሞ ያፈሳል፤ ከድንቹ ይልቅ የተሸካሚውን ጀርባ ያጠጣል። አባላችን እማማ አመተ ማርያም በዚሁ ምክንያት ጀርባቸው ተልጦ ሰነበቱ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን አልሳቅሁም። ፈርቼ ነበር።

አራተኛም አቤቱታ ነበረኝ፤ ድንቹ ሲያብብ ረሳሁት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መርጫውን አዝለን ወደ ደብራችን፣ ወደ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሄድን። የደብሩ ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ያቺ ባትሪ ለመርጫችን ልክክ አለች! መርጫው ተነሥቶ ሲረጭ እማማ አመተ ማርያም እልልታቸውን አቀለጡት። ደብሩ ባትሪዋን ማዋሱ ያስቸግረው ይሆን ብለን ስንሳቀቅ፣ መሪጌታ ሳቅ እያሉ፣ በበዓል ቀን እኛ ማሳ እንደማንወጣ፣ በሥራ ቀን ደግሞ እሳቸው ማጉያ እንደማይከፍቱ አስታወሱንና «ታዲያ ምን ያጣላናል?» አሉን። ወይ ጉድ! የማርያም ዕለት ስትሰብክ የዋለች ባትሪ በማግሥቱ ድንች ስትረጭ ትውላለች። ፍልሰታ ሲገባማ ጠዋት ማሳ፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ሆነ። በመላው አገር እንደሷ በዓል የምታከብር ባትሪ ያለች አይመስለኝም።

ትእዛዝ ጣሳችሁ እንዳይሉን፣ የቁም ሳጥኗን ባትሪ ጫፏን አልነካንም። የጥናትዎንም መልስ በነጻ እነሆ፤ የመርጫው ሞተር ጤነኛ ነው፣ ቱቦው ጤነኛ ነው፣ የሞተችው ባትሪዋ ብቻ ናት። ባትሪ ስለሞተ መርጫ መጣል፣ ቀለብ ስላለቀ በቅሎ መቅበር ነው። ስለዚህ በትሕትና የምንለምነው፣ የራሳችንን አዲስ ባትሪ ገዝተን እንድንገጥም ፈቃድዎን እንዲሰጡን፣ የደብሩንም ባትሪ በምስጋና እንድንመልስ ነው። እባክዎን አዲሷን ባትሪ ብቻ አያስመርቁብን።

ቁም ሳጥንዎ አይነቀል፣ ወንበርዎ አይነቅነቅ፣ ከኮሚቴዎ የተከበሩ አባላት አንዱም ከስብሰባ አይጉደል እያልሁ፣ በማኅበሩ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሐመልማል የሺዋስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእኛ ማሳ አጠገብ ያለው የእርስዎ ድንች እንዴት ከምች ተረፈ ብለው ተገርመው ከሆነ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ስጦታ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው «ለእኔም እርጩልኝ» ብለውን ረጭተንላቸዋል። ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ ለእርስዎ እንዳንነግር አደራ ብለውን ነበር፤ እስከዚያ ግን ዕድሜ እንደማይበቃን ስላወቅን ይኸው ጻፍንልዎ።