ጥሩንባ ያልነፋው መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አመሻሽ

የመኪና ሸራ ስጥፍ ዋልኩ። ጣቴ በጆንያ መርፌ ተበሳስቷል። ሙቀቱ አልበረደም። ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። ባሌ ጌታቸው በሞተበት ሰሞን እቤቴ ገብቶ ራት አልበላም። በልቶ ሄደ ያልኩት ውሸት ነው።

ይኸው ወጣ። ዛሬ ይብቃኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ጠዋት

አልተኛሁም። ትናንት ምን እንዳጻፈኝ ልጻፍ።

ሸራውን የምጥፈው ሰይድ ጋራዥ ነው። ሰይድ መካኒክ ነው፤ አፉ የማያርፍ የይፋት ሰው። የጌታቸው የጭነት መኪና ከገደል ከወጣ ጀምሮ እሱ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ተጋድሞ ይኖራል። ጎማው ተወስዷል። ሞተሩ ተወስዷል። የቀረው ጋቢናው ነው፣ አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ። ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምሰፋ።

ትናንት ከደሴ አንድ መኪና በሩ ተገንጥሎ ገባ። የተሠራበት ፋብሪካ ከጌታቸው መኪና ሌላ ነው። ሰይድ ተነሥቶ የጌታቸውን ደህናውን በር መፍታት ጀመረ። የዚህ በር ለዚያ እንዴት ይሆናል አልኩት። ሳቀብኝ።

«እትዬ የሺ፣ እርስዎ ሸራ የሚሰፉት ለአንድ መኪና ብቻ ነው እንዴ? ጋቢናም እንደዚያው ነው። አንዱ ቀጥቅጦ ይሠራና ለሁለቱም ፋብሪካ ይሸጣል። እነሱ ሞተራቸውን ከሥር ያስገቡና ግንባሩ ላይ ስማቸውን ይለጥፋሉ። ወላሂ፣ ሌላ ልዩነት የለውም!»

በሩ ገባ። ማጠፊያው ከማጠፊያው፣ ቡሎኑ ከቀዳዳው። ሲዘጋ ድምፁ የጌታቸው በር ድምፅ ነው።

ሁለቱን አስተያየሁ። ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው ለሁለት የተከፈለ መስታወት፣ ያው ጥቁር አረንጓዴ ቀለም። የሚለየው የፈረንጅ ፊደሉ ብቻ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ በመኪና ጎን ላይ ከተጻፈው አማርኛ ነው። የፈረንጁን አላውቅም።

መርፌው ከእጄ ወደቀ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጌታቸው የሞተበትን ክረምት ነገር ልጻፍ።

ጌታቸው ከአዲስ አበባ ሲወርድ ገና ከድልድዩ ጀምሮ ጥሩንባ ይነፋል። የሾፌር ሚስት የባሏን ጥሩንባ ታውቃለች። ቀዝቃዛ ውሃ በቅል ይዤ እወጣለሁ። ሳይወርድ፣ በመስኮት ተቀብሎ ይጠጣል። የቀረውን ፊቴ ላይ ይረጫል። እሰድበዋለሁ።

ከመጨረሻው ጉዞ በፊት ተጣላን። ደብረ ሲና ሴት አለችው ብለው ነግረውኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። ከእንግዲህ በደጄ ጥሩንባ እንዳትነፋ አልኩት። እሺ አለ። እሺ ብቻ።

ከአዲስ አበባ በሚመለስበት ቀን፣ ሲመሻሽ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ያ ግንባር መጣ። ውሃ ይዤ ወጥቼ ነበር። አዎ፣ ተጣልተንም ወጥቼ ነበር። ጥሩንባ የለም። ሳይቆም አለፈ። ያልኩትን ፈጸመ አልኩ።

ጭነቱ ደሴ አልደረሰም ተብሎ ታላቅ እኅቱ እትዬ ብዙነሽ እየሮጡ መጡ። አልፏል ወይ አሉኝ። ባሌ በደጄ ሳይቆም አለፈ ማለት አሳፈረኝ። ራት በልቶ ነው የሄደው አልኩ። ደህና ነበር ብዬም ጨመርኩ።

ጥሩንባ ሳይነፋ አለፈ ብል ኖሮ፣ እንግዲያ እሱ አይደለም ይሉኝ ነበር። ወንድማቸውን ያውቁታል።

ሰው ይዘው ወደ ካራቆሬ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲፈልጉት ሰነበቱ። የተገኘው ግን በስተኋላ፣ በአዲስ አበባ በኩል፣ ከደብረ ሲና በታች፣ ገደል ውስጥ ነው። ሸሚዙን ቀዶ እግሩን አስሮ ነበር። ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል።

አልችልም። ነገ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጋራዥ ሄድኩ።

የደሴው መኪና ከአዲስ አበባ ተመልሷል። ሾፌሩ ጋሼ መኮንን ይባላሉ፤ ሽበታም፣ ጨዋ ሰው። ጌታቸው በሞተበት ክረምት በዚህ መንገድ ይመላለሱ ነበር ወይ አልኳቸው። አዎ፣ ያኔም ይህችኑ መኪና እኔው ነበርኩ የምነዳት አሉ። እዚያ ማዶ፣ ሾላው አጠገብ ባለው ደጅ ጥሩንባ ነፍተው ያውቃሉ አልኩ። ግራ ገባቸው።

«እመቤት፣ በማላውቀው ደጅ ለምን ጥሩንባ እነፋለሁ?»

ሰይድ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄጄ የጌታቸው ጋቢና ውስጥ ገባሁ። በር የለውም። ከሞተ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። መሪው አለ። መሐሉ ላይ ያለውን የጥሩንባ ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። ሰይድ አየኝ፤ መቀለዱን ተወና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልኝ።

እኔ ዘንድ አልደረሰም ነበር። እየመጣ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ይህንንም ልጻፈው። ለቅሶው ላይ ሰው ምን እንዳለ። እሚስቱ ቤት ራት በልቶ ወደ ደብረ ሲና ከተመለሰ፣ ለማን ብሎ ነው? ለዚያች ሴት ነዋ! እትዬ ብዙነሽ ሰሙ። አንገታቸውን ደፉ። ሙት ዓመቱን አላወጡለትም። ስሙን በቤታቸው አያስጠሩም። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ ራሴም አመንኩት። እሱን መጥላት ከማልቀስ ቀለለኝ።

ዛሬ እትዬ ብዙነሽ ከሚኖሩበት ከቀወት ለገበያ የመጣች ጎረቤታቸው ወሬ አመጣች። እትዬ ብዙነሽን ወባ ጥሏቸዋል። ኪኒኑም አልያዘላቸው። ትኩሳቱ ሲነሣ ይቃዣሉ አለች። ምን እያሉ አልኳት። ወንድማቸውን ይሰድባሉ አለች፤ አንተ ቅሌታም፣ አዋረድከኝ እያሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15፣ ጎህ ሲቀድ

አህያዋ ተጭናለች። ሎሚ፣ ስኳር፣ አንድ ብርድ ልብስ።

ቄስ ልላክ ብዬ ነበር። ተውኩት። እትዬ ብዙነሽ ማንበብ አይችሉም። እኔው አነብላቸዋለሁ፣ መደባቸው ሥር ተቀምጬ፣ ራት አልበላም ከሚለው ጀምሬ። የጥሩንባውን ስደርስ ቶሎ አላልፈውም። ቢያስወጡኝ ከአጥር ውጭ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ጎረቤትም ይስማ። ያኔም የሰማው ጎረቤት ነው።

ደብተሬ፣ ቅጠሎችሽን ልቀድ ነው፣ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ የእትዬ ብዙነሽ ናቸው።