ያቃናሁብህ ዩራነስ

ውድ ባለመርፌው ወዳጄ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ካረፍህ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን ሳልነግርህ ኖሬ፣ አድራሻ በሌለህ ጊዜ ብዕር ማንሣቴ ፈሪነቴን እንደሚያሳብቅብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። «ዩራነስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ ሰማንያ አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ ዕድሜ የሰጠው ሽማግሌ ከእሱ ጋር አንድ ልደት ያከብራል» ትል አልነበር? ለዚያ ልደት ሦስት ዓመት ይቀረኛል፤ መድረሴን እንጃ። ስለዚህ ነገሩን ከዚህ ሳምንት አላሳልፈውም።

የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ክፍሉን ታስታውሳለህ። መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ሲጢጥ የሚል ቁም ሣጥን ያለበት ክፍል ነበር። አንተ ሳይንሱን ትጽፋለህ፤ እኔ ቋንቋውን አርማለሁ። አንድ ነገር አልገባኝም ስልህ ከመሳቢያህ ያንን ያረጀ የቴኒስ ኳስ ታወጣለህ፤ መካከሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደግሞ ከባለቤትህ ቅርጫት የሰረቅኸው የሹራብ መሥሪያ መርፌ ነው። እሷም ቢሮ በመጣች ቁጥር «የዚህ ሰውዬ ሹራብ አንድ እጅጌ ብቻ ኖሮት የቀረው በፕላኔት ምክንያት ነው ብል ማን ያምነኛል?» ትለኝ ነበር። ኋላ ላይ ተማሪዎችህ «ባለመርፌው» ያሉህም ለዚሁ ነው።

በኋላ ወደ ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍህ የገባውን የዩራነስን ምዕራፍ ያስረዳኸኝ ቀን ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። መርፌውን በመጠኑ አዘንብለህ ኳሱን አሽከረከርህና «ይቺ የኛ ምድር ናት» አልህ። ቀጥለህ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኸው።

«ዩራነስ ደግሞ ይሄውልህ። ሌሎቹ እንደ እንዝርት ሲሾሩ ይሄኛው እንደ በርሜል እየተንከባለለ ነው የሚሄደው።»

«ምን ነካው?»

«እንጃ! ገና ሲፈጠር አንድ ትልቅ አካል ገጭቶ ጥሎት ይሆናል የሚሉ አሉ።»

ከዚያ ወሬ ወሬን እያነሣ ቀጠለ። አራት ምድሮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የእሱን ወርድ ይሞላሉ አልኸኝ። የሚቆሙበት ጠጣር መሬት የለውም፤ ከጋዙ ሥር ያለው የውሃ፣ የአሞኒያና የሚቴን ወፍራም ትኩስ ድብልቅ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት መልኩ የመጣው በላይኛው አየር ያለው ሚቴን ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሃያ አራት ዲግሪ ይደርሳል፤ ከእሱ አልፎ ያለው ኔፕቱን እንኳ ከውስጡ ብዙ ሙቀት ሲያወጣ፣ ይሄኛው የሚያወጣው ኢምንት ነው። ቀጫጭን፣ ጥቁር ቀለበቶች አሉት። ደመናው እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። «መልኩን ብቻ አይተህ ሽማግሌ እንዳትልክበት!» ብለህ እስክታስል ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን የገባኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደማይቀርልኝ ልምጣ።

የመጨረሻው የኅትመት ረቂቅ በደረሰን ሳምንት አንተ አባትህን ልትቀብር ሄደህ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ስልክ ደውሎ «ጌታዬ፣ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ሁለት መስመር ተርፎኛል። ዛሬውኑ ይቁረጡልኝ፤ ማሽኑ እየጠበቀ ነው» አለኝ። ገጹን ፊቴ ዘረጋሁ። እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፦ «ዩራነስ በጎኑ ተጋድሞ ይሽከረከራል። ስለዚህም እያንዳንዱ ዋልታው አርባ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ብርሃን፣ አርባ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ጨለማ ይፈራረቅበታል።»

«ተጋድሞ» የሚለው ቃል ጆሮዬን ኮረኮረኝ። አርባ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ጨለማም ማጋነን መሰለኝ። በቀይ ብዕሬ ሰረዝሁና «ዩራነስ በመጠኑ ዘንበል ብሎ ይሽከረከራል» ብዬ ጻፍሁ። ሁለቱ መስመር ተቀነሰ። እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። ዐረፍተ ነገሩ እጄ ላይ ያማረበት መሰለኝ።

ከሐዘን ስትመለስ መጽሐፉ ታትሞ ጠበቀህ። ኮትህን ሳታወልቅ፣ ቆመህ ነው ያነበብኸው።

«ይሄን ማን ነካው?»

«አቃናሁልህ። ፕላኔት እንደ ሰካራም ይጋደማል እንዴ? ቃሉ ለመማሪያ መጽሐፍ አይመጥንም።»

«አንተ ሰው፣ የተጋደመው ቃሉ አይደለም እኮ፤ ፕላኔቱ ነው!»

«በሚቀጥለው እትም እንመልሰዋለን፤ ምን ያስቆጣሃል?» አልሁህ። አልተቆጣህም ነበር። የተቆጣሁት እኔ ነበርሁ።

በዓመቱ የመምህራን ስብሰባ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኳስህን በመርፌው አጋድመህ አንከባልለህ ገና ሳትጨርስ፣ የትምህርት ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ተነሣ። «መምህር፣ እዚህ ተጋድሟል ይሉናል፤ በራስዎ መጽሐፍ ዘንበል ብሏል ይላሉ። ተማሪው የቱን ይመን?» ከኋላ አንዱ «ከስብሰባ ስብሰባ ይገለባበጣል ማለት ነው!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ። አንተ ወደ እኔ አልተመለከትህም። ብትመለከት ሰው ሁሉ ዓይንህን ተከትሎ እንደሚያገኘኝ ስለምታውቅ መሆኑን የተረዳሁት ውዬ አድሬ ነው። «ስሕተቱ የመጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉም የእኔ ነው» ብለህ ኳስህን ኪስህ ከትተህ ተቀመጥህ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ ነበር። መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም።

የቀጣዩን ክፍል መጽሐፍ ለሌላ ሰው ሰጡት። አንተ ወደ ማስተማሩ ተመለስህ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደኅና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን እንለያያለን። ወቅሰኸኝ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ!

ባለፈው ወር ከአሳታሚው ድርጅት ተጠራሁ። መጽሐፉን ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንደገና ሊያትሙት ነው። ዋና አዘጋጇ እጄ ላይ የሠለጠነች፣ ፈጣን ሴት ናት።

«ጋሼ፣ እንደ ነበረ እናትመዋለን፤ ከእርስዎ አንድ መቅድምና አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችኝ።

«ገጽ ስልሳ አንድ ሳይታረም አልፈርምም።»

«እሱማ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ዝም ብለን እናስተካክለዋለን፤ ማን ያውቅብናል?»

«ችግሩ እሱ ነው። ዝም ብለን ካረምነው ስሕተቱ የሟቹ ሆኖ ይቀራል። ያበላሸው እኔ መሆኔ መቅድሙ ላይ ይጻፍ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እኛ ሁላችን እርማት የተማርነው ከእርስዎ ነው። በስተርጅና ስምዎን ለምን ያጎድፋሉ?»

«እንግዲያው ይሄኛውንም ተማሩ» አልኋት።

ሳትወድ በግድ ተስማማች። ግን የአንተን ድርሻ የወረሰችው ልጅህ መፈረም ነበረባትና ወደ እሷ መሄድ ግዴታዬ ሆነ። ምን ልደብቅህ፣ ከስብሰባው አዳራሽ ይልቅ ያ መንገድ ከብዶኝ ነበር።

አንተ ባስተማርህበት ትምህርት ቤት፣ ምናልባትም በዚያው ክፍል ነው የምታስተምረው። ተማሪዎቹ ወጥተው ሰሌዳ እየጠረገች ደረስሁ። «ጋሼ! በእግርዎ ነው የመጡት?» ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። የመጽሐፉን አሮጌ ቅጂ ከጠረጴዛዋ አንሥቼ ገጽ ስልሳ አንድን ገለጥሁ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ «አባዬ እዚህ ላይ ተሳስቷል» የሚል አገኘሁ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቆሜ፣ ሁሉንም፣ ከፊደል ለቃሚው ስልክ እስከ ጫማዬ ማሰሪያ፣ ነገርኋት።

የራሷን የእርሳስ ጽሑፍ መልሳ አነበበች።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ቀብሩ ላይ ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺን ገጽ እየገለጥሁ፣ ‹ትልቅ ሰውም ይሳሳታል፤ አባቴንም ተመልከቱ› እያልሁ አስተምሬባታለሁ። አንድ ቀን ‹አባዬ፣ እንዴት ይሄ አመለጠህ?› ብዬ ጠይቄው ነበር። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?»

አውቅ ነበር። «መጽሐፉ የእኔ ነው» ብለሃታል።

እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ማጥፊያውን አስቀምጣ እጇን አራገፈችና እንደ አንተ ቀጥ ያለ ነገር ተናገረች። «መቅድም ማንም አያነብም፣ ጋሼ። ተማሪ የሚከፍተው ይሄን ገጽ ነው። እዚሁ ግርጌው ላይ ይጻፉት። ያኔ እፈርማለሁ። ለተማሪዎቼም ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው፤ እኔ አልነግርልዎትም።» ከመሳቢያዋ ኳሱን ከነመርፌው አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ሲመጡ ይሄን ይዘው ይምጡ።»

ዐረፍተ ነገሮችህ እንደ ጻፍኻቸው ተመለሱ። ከግርጌ እኔ እንዲህ ጨመርሁ፦ «የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ይህን ገጽ ከመጀመሪያውም በትክክል ጽፎት ነበር። በቀደመው እትም ‹በመጠኑ ዘንበል ብሎ› የተባለው ደራሲው በሌለበት፣ ቋንቋ አራሚው ትርጉሙን ሳይረዳ የለወጠው ነው። ዩራነስ ከምህዋሩ አንጻር ዘጠና ስምንት ዲግሪ የተጋደመ ፕላኔት ነው።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን አሰፈርሁ።

ትናንት ዋና አዘጋጇ ደወለች። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። «ጋሼ፣ አያምኑኝም እንጂ፣ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ አምስት መስመር ተርፎናል። ምን እንቁረጥ?» መልሱን ለመስጠት አልዘገየሁም። በዚያው ገጽ አናት ላይ ስለ ሰማይ ግርማ የጨመርሁት ያማረ አንቀጽ አልነበር? አንተ «እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» ስትለኝ «ውበት» ያልሁህ? ልክ አምስት መስመር ነው። «እሱን አውጪው» አልኋት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ስኮራበት የኖርሁት ጽሑፍ በስልክ ወጣ።

ልጅህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ፈረመች። እኔም ዛሬ ጠዋት ፈረምሁ።

አሁን ኳስህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጸጉሩ አልቆ መላጣ ሆኗል፤ እንደ እኔ። ከቁርስ ጀምሮ እየተለማመድሁ ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ምድርን ማሳየት አልቻልሁም፤ መርፌው አዘንብዬ ስይዘው ይወዛወዝብኛል። ዩራነስን ግን አጋድመው ነው የሚገፉት፤ ለእሱ እጄ አያንስም። ነገ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ፊት እቆማለሁ። መጀመሪያ ስሜን እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥዬ ያደረግሁብህን። አንዱ ከኋላ ሆኖ ቢስቅ የጫማዬን ማሰሪያ አላይም። ከዚያ ኳስህን ገፋ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ እንዳልኸው፣ እንደ በርሜል እየተንከባለለ ይሂድ።

በሰላም እረፍ፣ ወዳጄ። ሌላ የማርመው የለኝም።

ገጽህን የነካው፣
አራሚህ