በጨለማው ወራት እመጣለሁ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጭራሮዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። ታላቅ እህትሽ ልጆቿን ይዛ እኔ ዘንድ ሰንብታለች፤ ቤቱ ገበያ መስሏል። የስፌት መኪናዬም እንደ እኔ ወገቧን ያማታል እንጂ ትሠራለች።

ቪዛዬ ወጣልኝ፤ ልመጣ ነው። በእናንተ አገር በጋ ሳይሆን አሁን፣ በብርዱ። ካፖርቴን ራሴ ሰፋሁት። አሮጌውን ብርድ ልብስ ገበር አድርጌበት ለብሼው ብወጣ፣ እህትሽ «እማዬ፣ ፍራሽ ቆሞ ሲሄድ ዛሬ አየሁ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ባልሽ ግን «በበጋ ይምጡ» እያለ ያዘገየኛል። ስደውል የሚያነሳው እሱ ነው። «ጉሮሮዋ ተዘግቷል፣ መናገር አትችልም» ይለኛል።

«እንግዲያው ሳሏን አሰማኝ» አልኩት።

«ተኝታለች» አለ።

ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ቁርስ ስትበላ» ብሎ ፎቶሽን ላከልኝ። ኩባያ ይዘሽ ትስቂያለሽ፤ ከኋላሽ መስኮቱ በፀሐይ ተጥለቅልቋል። ስልኩን ሳምኩት።

በማግስቱ ትኬት ልጠይቅ የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሄጄ ለጸሐፊዋ አሳየኋት። ልጄን እይልኝ ለማለት ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

«እማማ፣ ይሄ መቼ የተነሳ ነው?»

«ትናንት ጠዋት።»

ስልኩን ተቀብላ መስኮቱን አጉልታ አየችው። «እዚያ ከተማ እኮ ለሰሜን ዋልታ ቅርብ ስለሆነ በዚህ ወር ፀሐይ አትወጣም። ቀኑም ጨለማ ነው። ምናልባት የቆየ ፎቶ ይሆናል።»

ወንበር አቀረበችልኝና የምትሠሪበትን ሆቴል ጠይቃኝ እዚያው ደወለች፤ ቋንቋቸውን ትችላለች። ልብስ ማጠቢያው ክፍል አብራሽ አንሶላ ከምታጥፈው ሴትዮ ጋር አገናኟት። ጸሐፊዋ እየሰማች ትነግረኛለች፦ «ሥራ ከቀረች ቆየች። ባሏ መጥቶ እናቷ ስለታመመች አገሯ ገባች ብሎናል።»

እኔ እኮ አልታመምኩም፣ የኔ ዓለም።

«እዚህ አልመጣችም በያት» አልኩ። ሴትዮዋ ስትጮህ ድምጿ እኔ ድረስ ተሰማ። ያኔውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አመልክታለች። ይህን ደብዳቤም ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትልክላታለች፤ እሷ ደግሞ አትማ ሥራ ቦታ ካለው የልብስ ሳጥንሽ ውስጥ ታስቀምጥልሻለች።

ትናንት ባልሽ በራሱ ጊዜ ደወለ። ድምፁ ማር ነው። «እሺ፣ ይምጡ። ግን ለማንም አይንገሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያ እኔው ብቻዬን እቀበልዎታለሁ።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጬ «ተባረክ ልጄ፣ በሚቀጥለው ወር ነው» አልኩት። የምሳፈረው ግን ቅዳሜ ነው። የምትቀበለኝም ያቺ ሴትዮ ናት።

ማታ እራት ላይ እህትሽ ለልጆቿ «አክስታችሁ ዘፈን ትወድ ነበር» አለቻቸው። «ትወዳለች በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጆቹ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። እህትሽ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቧንቧ ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። ተከትያት አልገባሁም። ከገባሁ እኔም አለቅሳለሁ፣ እኔ ካለቀስኩ ደግሞ ያመንኩ ይመስላል።

ዛሬ ትኬቱን ቆረጥኩ። ጸሐፊዋ «ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው፣ አይደል?» አለችኝ።

«መሄጃው ለአንድ፣ መመለሻው ለሁለት» አልኳት።

ጣቶቿ ባሉበት ቆሙ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስምሽን ጠየቀችኝ፤ እኔም ፊደል በፊደል ነገርኳት።

መልስ ለመጻፍ አትድከሚ፣ ልጄ። መልስሽ ሳይደርሰኝ እኔ እደርሳለሁ። ያለሽበትን የሚያይ አምላክ ከላይሽ አይራቅ፤ ብርዱን ያቅልልሽ፤ ዓይንሽን ያሳየኝ።

እናትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ